ገቨርነርስ ደሴት፦ በአምስት ዶላር ጀልባ የሚደረስባት የኒውዮርክ የቀን መዋያ

ኒውዮርክን ለማየት የመጣን ዘመድ፣ ከዋሽንግተን አካባቢ ለቅዳሜና እሁድ በአውቶቡስ ብቅ ያለውንም ሆነ ከአዲስ አበባ ለሠርግ የመጣውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ይዘን የምንሄደው ወደ ታይምስ አደባባይ፣ ወደ ነፃነት ሐውልት ወይም ወደ አንዱ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ጣሪያ ነው። እነዚህን ቦታዎች አልነቅፍም፤ ነገር ግን ቀኑ በወረፋ ያልቃል፣ ቤተሰቡ ብዙ ከሆነ ወጪው ይከብዳል፣ ልጆችም ቶሎ ይሰለቻሉ። ከማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ በጀልባ ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ብቻ የምትርቀው ገቨርነርስ ደሴት ግን፣ ከተማዋን ሳይለቁ ከከተማዋ ጫጫታ ወጥተው መዋል ለሚሹ ሰዎች እስካሁን ከማውቃቸው ቦታዎች ሁሉ የተሻለች ናት። ይህን ስል አንድ ማስጠንቀቂያ አብሬ አስቀምጣለሁ፦ በደሴቲቱ ላይ መልካም የሆነው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ ገንዘብ የሚጠየቅበት ነገር በአብዛኛው የከፈሉበትን ያህል አያረካም። ስለዚህ ቀኑ እንዲያምር ከሁሉ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡት የመነሻው ሰዓትና የጉብኝቱ ቅደም ተከተል ናቸው።

ደሴቲቱ ወደ 70 ሄክታር የሚጠጋ ስፋት ያላት ስትሆን፣ የግል መኪና አይገባባትም፣ ቋሚ ነዋሪም የላትም። እ.ኤ.አ. እስከ 1966 የአሜሪካ ምድር ጦር፣ ከዚያም እስከ 1996 የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ሠፈር ስለነበረች፣ ሕዝቡ በባሕሩ ዳር ሆኖ ከማየት በቀር እንዲሁ ዘው ብሎ የሚገባባት ቦታ አልነበረችም። በ2003 የፌዴራሉ መንግሥት ደሴቲቱን በአንድ ዶላር ለኒውዮርክ ከተማና ክፍለ ግዛት ሸጧት፤ ሁለቱ አሮጌ ምሽጎች ያሉበትን 9 ሄክታር ያህል ቦታ ግን በብሔራዊ ሐውልትነት ከልሎ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር አቆየው። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለጎብኚዎች ክፍት ናት፤ ቀድሞ በብርዱ ወራት ትዘጋ ነበር።

ስለ መሣፈሪያው ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው ገና ከመነሻው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ጀልባው የሚነሣው በሳውዝ ስትሪት ቁጥር 10 ከሚገኘውና የባተሪ ማሪታይም ሕንፃ ተብሎ ከሚጠራው የድሮ መነኻሪያ ሲሆን፣ ሕንፃው ከ1909 ጀምሮ የቆመ፣ ፊቱ በጌጠኛ ብረት የተሸፈነ፣ ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ነው። ሆኖም ከጎኑ ብርቱካናማዎቹ የስታተን አይላንድ ጀልባዎች የሚነሡበት እጅግ የሚበልጥ መነኻሪያ ስላለ፣ ከምድር ባቡሩ የወጣ እንግዳ ሕዝቡን ተከትሎ ወደዚያ ይገባና የማይፈልገው ደሴት ላይ ይወርዳል። ጉዞው ነፃ ስለሆነ በገንዘብ አይጎዳም፤ የጠዋቱ ምርጥ ሰዓት ግን ያመልጠዋል። በዚያው ሰፈር በአስፋልቱ ዳር መታወቂያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ትኬት እንሸጣለን የሚሉ ሰዎች ደግሞ አሉ። ለገቨርነርስ ደሴት ከእነርሱ የሚገዛ ምንም ነገር የለም፤ ትኬቱ በመነኻሪያው መስኮት ወይም በስልክ ይገኛል።

ዋጋው በቅርቡ ስሄድ ለአዋቂ ደርሶ መልስ 5 ዶላር ነበር። ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች፣ 65 ዓመት የሞላቸው አረጋውያንና የከተማዋን መታወቂያ የያዙ ነዋሪዎች አይከፍሉም። ቅዳሜና እሁድ በማለዳ የሚነሡት ጀልባዎች ደግሞ ለማንም ሰው ነፃ ናቸው። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ የምንቆም ሰዎች ይህ ዕድል ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ይደርሰናል፤ ደግነቱ ቅዳሜ ማለዳ ከሳምንቱ ሁሉ የተሻለው ሰዓት ነው። ወደ ነፃነት ሐውልት የሚወስደው ጀልባ አዋቂውን የዚህን አምስት እጥፍ ያህል እንደሚያስከፍል፣ ሐውልቱም ከዚህችው ደሴት ኮረብታ ላይ ፊት ለፊት እንደሚታይ ሳስብ፣ እንግዳዬ ሐውልቱ እግር ሥር ካልቆምኩ እስካላለ ድረስ ሁለቱን ማወዳደር ይቸግረኛል። ብስክሌት ይዞ መሣፈርም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቻላል። ከብሩክሊን በኩል የሚነሡ ጀልባዎችም ስላሉ፣ እዚያ ያደረ ሰው ማንሃተን ድረስ መምጣት አያስፈልገውም።

ይህን መሥመር ከ1956 ጀምሮ ያገለገለው ትልቁ የናፍጣ ጀልባ ሌተና ሳሙኤል ኮርሰን ይባላል። ስሙ የተሰጠው በጥቅምት 1950 ኮርያ ውስጥ በውጊያ ለሞተ አንድ ወጣት የጦር መኮንን መታሰቢያ ነው። የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ጓድ ኮርያ የደረሰው በተከታዩ ዓመት ነበርና፣ አያቱ ወይም አጎቱ የዘመቱበት ሰው በጀልባው ጎን ላይ ያንን ስም ሲያነብ አንድ ነገር ልቡን መንካቱ አይቀርም። በ2025 በኤሌክትሪክና በናፍጣ የሚሠራ አዲስ ጀልባ ሥራ ስለጀመረ፣ አሮጌው ከእንግዲህ እየራቀ እንደሚሄድ ይጠበቃል። አዲሱ ጸጥ ያለ ነው፤ የአሮጌው ሽታና ንዝረት ግን የራሱ ወግ ነበረው።

ከጀልባው እንደወረዱ አብዛኛው ሕዝብ በስተቀኝ ወዳሉት የምግብና የብስክሌት ድንኳኖች ይፈሳል። እኔ የምመክረው ዳገቱን ወጥቶ በቀጥታ ወደ ምሽጎቹ መሄድ ነው፤ እነርሱ በጠዋት ባዶ ሲሆኑ ከቀትር በኋላ በጉብኝት ቡድኖች ይጨናነቃሉ። ፎርት ጄይ በኮከብ ቅርጽ የተሠራ ምሽግ ሲሆን ዙሪያውን ደረቅ ቦይ ይከብበዋል፤ ዛሬ ያለው ግንብ ከ1806 እስከ 1809 ባሉት ዓመታት ተሠርቶ ያለቀ ነው። ከበሩ በላይ ከአሸዋ ድንጋይ የተቀረጹ ንስር፣ ባንዲራና የጦር መሣሪያዎች አሉ፤ የባሕር ነፋስ ፊታቸውን ስለበላው የንስሩን ላባ ለመለየት ጠጋ ብሎ ማየት ያሻል። ውስጡ ግን የምሽግ ገጽታ የለውም። ሣር የለበሰ አደባባይና የዓምድ ሰገነት ያላቸው የመኮንኖች መኖሪያ ቤቶች ስላሉበት፣ አንድ ሰው ፀጥ ያለ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። በግንቡ ላይ ያሉት ግዙፍ የብረት መድፎች ልጆች የሚወዷቸው ቢሆኑም መውጣት አይፈቀድም።

ከሁለቱ ምሽጎች ልብ የሚይዘው በባሕሩ ጠርዝ ላይ የቆመው ካስል ዊልያምስ ነው። በ1807 ተጀምሮ በ1811 የተጠናቀቀው ይህ ክብ ግንብ በቀይ የአሸዋ ድንጋይ የተገነባ ሲሆን፣ የግድግዳው ውፍረት ከሥሩ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። ንድፉን ያወጣው ጆናታን ዊልያምስ የተባለ መሐንዲስ መኮንን ነበር፤ ሐሳቡም መድፎችን በአንድ ረድፍ ከማሰለፍ ይልቅ በፎቅ ላይ ፎቅ ደርድሮ ወደ ወደቡ የሚገባ የጠላት መርከብ ከበርካታ መስኮቶች በአንድ ጊዜ እንዲመታ ማድረግ ነበር። በ1812 የተጀመረው ጦርነት ሲመጣ እንግሊዞች ኒውዮርክን ሳያጠቁ ቀሩ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የደቡቡ ጦር ምርኮኞች ታጎሩበት፤ ቀጥሎም እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የወታደር ወህኒ ቤት ሆነ። ወደ ግቢው ሲገባ የውጭው ሙቀት በአንድ ጊዜ ይቀራል። መድፍ የቆመባቸው ጉልላት ጣሪያ ያላቸው ክፍሎች በኋላ በብረት ፍርግርግ ተዘግተው የእስረኛ ክፍል ስለሆኑ፣ በአንዱ ክፍል ውስጥ ቆሞ በድሮው የመድፍ መስኮት የማንሃተንን ፎቆች ማየት ይቻላል። እስረኛውም ያንኑ ከተማ በዚያው ቀዳዳ ያይ ነበር። የብሔራዊ ፓርኮች አስጎብኚዎች ሲኖሩ ጣሪያው ላይ በነፃ ያወጣሉ፤ ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ እንደደረሱ ሰዓቱን ጠይቆ መመዝገብ ይበጃል። አስጎብኚዎቹ ዕውቀታቸው ጥልቅ፣ ትዕግሥታቸውም የሚደነቅ ነው። እንግሊዝኛ ብዙ የማይሰሙት እናቴ አንድ ጥያቄ በእኔ በኩል ሲጠይቁ፣ አስጎብኚዋ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ወደ እርሳቸው ዞራ፣ በእጇ እያሳየች፣ ቀስ ብላ ነበር የነገረቻቸው።

ከምሽጎቹ በስተምሥራቅ ኖላን ፓርክ የሚባለው ሰፈር አለ። ቢጫ ቀለም የተቀቡ፣ ሰፊ በረንዳ ያላቸው የእንጨት ቤቶች በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አደባባይ ሠርተው ቆመዋል፤ ቀድሞ የመኮንኖች መኖሪያ ነበሩ። በሞቃቱ ወራት ቤቶቹን ሠዓሊዎችና ልዩ ልዩ ማኅበራት እየተቀበሉ ሥራቸውን ያሳዩባቸዋል፣ መግቢያውም ነፃ ነው። እውነቱን ለመናገር የሚታየው ሥራ ደረጃው እጅግ የተለያየ ነው፤ አንዱ ቤት ግማሽ ሰዓት ያቆማል፣ ሌላው ከበሩ ያስመልሳል። ቤቶቹ ራሳቸው ግን፣ የተሰነጠቀው ቀለማቸው፣ የሚንቋቋው ወለላቸውና ባዶ የወጥ ቤት መደርደሪያቸው ጭምር፣ ሁልጊዜ መታየት የሚገባቸው ናቸው።

በዚህ ሰፈር ጫፍ ነጭ ዓምዶች ያሉት የአድሚራሉ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1988 ሚካኤል ጎርባቾፍ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ሶቪየት ኅብረት ሠራዊቷን በ500,000 ወታደር እንደምትቀንስ ካስታወቁ በኋላ፣ ከፕሬዚዳንት ሬገንና ከተመራጩ ፕሬዚዳንት ከቡሽ ጋር ምሳ የበሉት በዚህች ደሴት ነው። በዚያው ቀን አርመንያን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ጎርባቾፍ ጉዟቸውን አቋርጠው እንዲመለሱ አደረጋቸው። ለሌላው ጎብኚ ይህ የቀዝቃዛው ጦርነት መጨረሻ ምዕራፍ ነው። በእኔ ዕድሜ ላለ ኢትዮጵያዊ ግን ነገሩ ከዚህ ይቀርባል፤ በዚያ ወቅት የደርግ ጦር መሣሪያ የሚመጣው ከሞስኮ ነበርና፣ የሁለቱ ኃያላን መቀራረብ ለእያንዳንዱ ቀበሌና ለእያንዳንዱ ወታደር ቤተሰብ የሚተርፍ ጉዳይ ነበር። በቤቱ አጠገብ ስለዚህ ስብሰባ የሚገልጸው ጽሑፍ አጭር ነው፤ የሚያልፉ ሰዎችም ብዙዎቹ ሳያነቡት ለፎቶግራፍ ብቻ ይቆማሉ። በ1993 የሄይቲው ፕሬዚዳንት አሪስቲድና ከሥልጣን ያወረዷቸው ጄኔራል ስምምነት የተፈራረሙትም በዚህችው ደሴት ላይ ነበር።

ሊጌት ሆል የተባለው ረጅም የጡብ ሕንፃ ደሴቲቱን ለሁለት ይከፍላታል። ከ1930 ጀምሮ አንድ ሙሉ ሬጅመንት ወታደር በአንድ ጣሪያ ሥር ለማሳደር የቆመ ነው። በመሐሉ ባለው ቅስት አልፎ ወደ ደቡብ የተሻገረ ሰው፣ ሳያውቀው ከተፈጥሮው መሬት ወጥቶ ሰው በሠራው መሬት ላይ ይቆማል፤ ከደሴቲቱ ስፋት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሌክሲንግተን ጎዳና የምድር ባቡር ሲቆፈር በወጣው አፈርና ድንጋይ ተሞልቶ በ1912 የተጨመረ ነውና። ሙሌቱ ገና ባዶ አሸዋ ሳለ፣ በ1909 ዊልበር ራይት ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ የነፃነት ሐውልትን በአውሮፕላን ዞሯል። ውኃ ላይ ቢወድቅ እንዲንሳፈፍ በማለት ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ያሰረው ቀይ ታንኳ ነበር። ይህን ለልጆች ስነግራቸው ከጠቅላላው ታሪክ ሁሉ የሚያስታውሱት ታንኳውን ነው።

በዚህ ደቡባዊ ክፍል በ2016 የተከፈቱት አራት ሰው ሠራሽ ኮረብታዎች የደሴቲቱ ዋና ሀብት ናቸው፤ ጊዜ የሚያንሰው ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ እነዚህን ቢያይ አይጸጸትም። ኮረብታዎቹ የተነሡት በከፊል እዚያው ከፈረሱ ሕንፃዎች ፍርስራሽ ሲሆን፣ ንድፉ ዌስት ኤይት የተባለ የኔዘርላንድ ድርጅት ነው። ከፍተኛው 21 ሜትር ያህል ነው፤ ለእንጦጦ ሰው ይህ ኮረብታ መባሉ ሊያስቀው ይችላል፤ ሆኖም ዙሪያው ሁሉ ባሕር በመሆኑ ያ ቁመት ከበቂ በላይ ነው። ከጫፉ የነፃነት ሐውልት ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዙራ ትታያለች፤ በስተሰሜን የማንሃተን ሰማይ ጠቀሶች፣ በስተምሥራቅ የብሩክሊን ወደብ ክሬኖች፣ በስተደቡብ ቬራዛኖ ድልድይና ወደ ውቅያኖስ የሚወጡት መርከቦች አሉ። የኮረብታው አቀማመጥ በተለይ የሚመሰገንበት ነገር አለ፦ ከታች ሲመጡ ጉብታዎቹ ሐውልቱን ይሸፍኑታል፤ መንገዱ በጠመዘዘ ቁጥር ጥቂት ጥቂቱን ያሳያል፤ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ብቻ ሙሉው ይገለጣል። ወደ ላይ የሚያወጣው ለስላሳ ጠመዝማዛ መንገድ ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃን ጋሪ የሚመች ነው። ጉልበት ያለው ደግሞ ከድሮው የባሕር ግድግዳ የተወሰዱ ትልልቅ የጥቁር ድንጋይ ጡቦች በተደረደሩበት አቋራጭ እየተንጠላጠለ ይወጣል። ልጆች ሁልጊዜ የሚመርጡት ድንጋዩን ነው፤ እርጥብ ሲሆን ስለሚያንሸራትት ግን አብሮ መውጣት ይገባል።

ከጎኑ ያለው ኮረብታ ሸርተቴዎች አሉት። ከእነርሱ ረጅሙ 17 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን በከተማዋ ከሁሉ ረጅሙ እንደሆነ ይነገርለታል። ለአዋቂም ተፈቅዷል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረፋው ኮረብታውን ይዞ ይወርዳል፤ ጠዋት ግን ልጅ አሥር ጊዜ ወርዶ አሥር ጊዜ ይወጣል። በቀትር ፀሐይ ብረቱ እንደሚግል ማሰብና አጭር ሱሪ ለለበሰ ልጅ አንድ ነገር ማንጠፍ ደግሞ የወላጅ ድርሻ ነው። ወደ ኮረብታዎቹ ከመድረስ በፊት ዛፎች የበዙበት ቦታ ላይ በዛፎቹ መካከል የተሰቀሉ ቀያይ የመረብ አልጋዎች አሉ፤ ባዶ የተገኘ እንደሆነ ከምሳ በኋላ ለአንድ ሰዓት መጋደም ከደሴቲቱ ታላላቅ ደስታዎች አንዱ ነው። ባዶ ካልተገኘ ሣሩ ላይ ነጠላ ወይም ጨርቅ ማንጠፍ ይቻላል፤ እናቴ እንዲያውም ይህንኛውን ይመርጣሉ፤ የሚወዛወዝ አልጋ ላይ መተኛት ለሕፃን እንጂ ለሰው አይሆንም ይላሉ።

ስለ ብስክሌት የምናገረው ትንሽ ይመራል። ባሕሩን ተከትሎ ደሴቲቱን የሚዞረው መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ሜዳ፣ ሰፊ፣ መኪና የሌለበት በመሆኑ ብስክሌት ለሚማር ልጅ በኒውዮርክ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ኪራዩ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ አከራይ የተከራየነው ባለ አራት ጎማ የቤተሰብ ብስክሌት ሰንሰለቱ እየወለቀ ሩቡን መንገድ እየገፋነው ተጓዝን፤ ስንመልሰው ሠራተኛው ይቅርታ ቢጠይቅም የከፈልነው ለሰዓቱ ነው ብሎ ገንዘቡን ሳይመልስ ቀረ። ባለ አራት ጎማው ከብስክሌት በጣም የሚወደድ፣ ለመንዳት የሚከብድና በሰው መሐል የሚያስቸግር ስለሆነ፣ ብስክሌቱ ደህና ቢሆንም እንኳ አልመክረውም። ከቤት ይዞ መምጣት ይቻል እንደሆነ ይዞ መምጣት፣ ካልሆነም ሰማያዊዎቹን የከተማዋን የጋራ ብስክሌቶች ለአጭር ጊዜ መውሰድ ይሻላል። ከሁሉ ይልቅ ግን በእግር መዞር ይቻላል፤ እየቆሙ፣ እያወጉ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ቢወስድ ነው።

የምግቡም ነገር ከዚህ ብዙ አይለይም። በድንኳንና በተጎታች መኪና የሚሸጠው ታኮ፣ ሃምበርገር፣ የተጠበሰ ድንችና አይስክሬም ነው፤ አንዳንዱ ጥሩ፣ ብዙው መካከለኛ፣ ሁሉም ውድ። ሰው ሲበዛ ደግሞ የምሳ ወረፋ ራሱን የቻለ የቀኑ ክፍል ይሆናል። ፍልሰታ ሁልጊዜ በነሐሴ፣ ማለትም ደሴቲቱ በምትሞቅበት ወቅት ስለሚውል፣ ጾመኛ ሰው ከድንችና ከሎሚ ጭማቂ ሌላ የሚመርጠው ብዙ አያገኝም። ምግብ ይዞ መግባት ስለሚፈቀድ ግን ችግር የለም፤ ከተማ ውስጥ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት በማለዳ የተገዛ በያይነቱ፣ ወይም ቤት የተሠራ ሽሮ ፍትፍትና ቆሎ፣ ኮረብታው ሥር በሣር ላይ ሲቀርብ የአካባቢውን ሰው ዓይን መሳቡ አይቀርም። አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ እናቴ መልስ ከመስጠት ይልቅ አጎረሷት። የአልኮል መጠጥ ከውጭ ማስገባት ክልክል ነው። የመጠጥ ውኃ ቧንቧዎች በየቦታው ስላሉ ጠርሙስ ይዞ መምጣት ይበቃል። ቡናው በእኛ መለኪያ ቡና የሚባል አይደለም፤ በፔርሙስ ይያዝ።

ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው አንድ ሌላ ነገር አለ። በደሴቲቱ ላይ የወደብና የባሕር ሙያ የሚያስተምር የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገኛል፤ ከእርሱ የተወለደው ቢሊየን ኦይስተር ፕሮጀክት ደግሞ በ2014 ተመሥርቶ፣ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ እስከ 2035 አንድ ቢሊዮን ያህል ወደ ወደቡ ለመመለስ ይሠራል። ከከተማው ምግብ ቤቶች የተሰበሰበው ባዶ ዛጎል በደሴቲቱ ላይ በትልልቅ ክምር በፀሐይና በዝናብ እንዲጸዳ ይተዋል፤ ከዚያም ጫጩቶቹ ተጣብቀውበት እንዲያድጉ ወደ ውኃው ይመለሳል። እንስሳው የሚኖርበትን ውኃ እያጣራ የሚመገብ በመሆኑ ሥራው ለወደቡ ንጽሕና ጭምር ነው። ክምሩ ሲሞቅ ይሸታል፤ ነገር ግን ሥራውን የሚያስረዱት ተማሪዎች ራሳቸው የተገኙ እንደሆነ ልጆቻችን ከማንም በላይ እነርሱን ይሰማሉ። ኦይስተሩን መብላት የሚፈልግ ለእርሱ የሚሆን ምግብ ቤት ከጀልባው መውረጃ አጠገብ አለ፤ ባህላችን የማይፈቅድልን ሰዎች ታሪኩን ሰምተን እናልፋለን። በ2022 የተከፈተውና የድሮ የጦር ሰፈር ሕንፃዎችን የያዘው ትልቁ ስፓ (የሙቅ ገንዳና የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት) ደግሞ አለ፤ ከሞቀ ገንዳ ውስጥ የማንሃተንን ፎቆች ማየት ምናልባት ያምር ይሆናል፤ መግቢያው ለአንድ ሰው ከብዙ ቤተሰብ የቀን ወጪ ስለሚበልጥ ግን አልገባሁበትም።

ጉድለቶቿን ሳልናገር ባልፍ ግምገማው ጎደሎ ይሆናል። ደቡባዊው ክፍል ዛፎቹ ገና ያልጎለመሱ በመሆናቸው ጥላ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በሐምሌ ቀትር ላይ ኮረብታው ላይ መቆየት ለአረጋውያን አይመከርም። ባርኔጣ የግድ ነው። በአንፃሩ በመስከረምና በጥቅምት ነፋሱ ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚነሣ ጋቢ ወይም ሹራብ መያዝ ያስፈልጋል። ከማንሃተን ጫፍ የሚነሡት የጎብኚ ሄሊኮፕተሮች ድምፅ በጥሩ አየር ቀን አያቋርጥም፤ ጸጥታን ፈልጎ የመጣ ሰው በዚህ ቅር መሰኘቱ ትክክል ነው። መጸዳጃ ቤቶቹ በቂ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከኮረብታዎቹ ራቅ ስለሚሉ ልጅ የያዘ ሰው አስቀድሞ ቦታቸውን በካርታው ላይ ማየት አለበት። ትልልቅ የሙዚቃ ድግሶች በሚኖሩባቸው ቅዳሜና እሁዶች ደግሞ ከነአካቴው አለመሄድ ይሻላል፤ ጀልባው፣ ሣሩ፣ ወረፋው ሁሉ የሌላ ሰው ይሆናል።

የመመለሻው ሰዓት ከመሄጃው የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ድልድይ የለም፤ የመጨረሻው ጀልባ ካመለጠ ወደ ቤት የሚያደርስ ታክሲም የለም። በሞቃቱ ወራት ጀልባው እስከ ምሽት ስለሚሠራ ፀሐይ ከሐውልቱ ጀርባ ስትገባ ማየት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ደሴቲቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚነሣ መሥመሩ ረጅም ይሆናል። ትናንሽ ልጆችና አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብ ከዚያ በፊት ባለው ጀልባ ቢመለስ ይሻለዋል፤ ከላይኛው ወለል በስተግራ ከተቀመጡ ፀሐይዋ ስትወርድ ከጀልባው ላይም ትታያለች።